እንቦጭና አራቱ ወቅቶች፦ የአየር ንብረት ለወራሪ የውኃ አረም የሚሰጠው ጉልበት



ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ዘወትር ትማልዳለች። የምንማልድለትን ውኃ መጠበቅም የምልጃው አንድ ክፍል መሆኑን አበው አስተምረውናል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 15 እንደምንረዳው አዳም በገነት የተሾመው ለመብላት ብቻ ሳይሆን ለማልማትና ለመጠበቅ ነው። በዚህ ዕትም ትምህርታችን በሀገራችን ውኆች ላይ የተሾመብንን አንድ አረም፣ እንቦጭን፣ እንመለከታለን። ስለ እንቦጭ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙ ዘመቻም ተካሂዷል። እኛ የምናተኩረው ግን ብዙ ጊዜ በሚዘነጋው አንድ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም አረሙ የሚበረታውም የሚደክመውም በአየር ንብረት መሆኑ ነው። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ ድካሙን ለጎርፍ ይሰጣል።

ይህን የምንናገረው ከሰው ሰምተን ሳይሆን ራሳችን ተሳስተን ስለተማርነው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሐይቅ ዳር አጥቢያ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ሆነን በኅዳር ወር እንቦጭ ልንነቅል ወጣን። ወሩን የመረጥነው የእርሻው ሥራ ፋታ የሚሰጥበትን፣ መንገዱም የደረቀበትን ጊዜ አስበን ነበር። ወጣቶቹ በመዝሙር ታጅበው ሦስት ቀን ሙሉ ነቀሉ፤ የነቀሉትንም ከውኃው አፋፍ ላይ እንደ ክምር አድርገው ትተውት ወደየቤታቸው ተመለሱ። እኛም ሪፖርታችንን በደስታ ጻፍን። በሚቀጥለው ክረምት ሐይቁ ሞልቶ ክምሩ ካለበት ደረሰ፤ ያልደረቀውን ግንድም የረገፈውንም ዘር ይዞት ገባ። በዓመቱ ያው ዳርቻ ከቀድሞው ይልቅ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን። ዳግመኛ ስንጠራ ከመጀመሪያዎቹ ወጣቶች የመጡት ከሢሶ አይበልጡም። በዚያ የነበሩ አንዲት እናት፣ «ዲያቆን፣ ውኃው የሚመለስበትን ቀን እኛ እናውቀው ነበር፤ የጠየቀን ሰው ግን የለም» አሉን። መልስ አልነበረንም። ይህ ትምህርት የእኚያ እናት ወቀሳ የወለደው ነው።

እንቦጭ ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?

እንቦጭ የትውልድ ሀገሩ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ፣ አበባውም ሐምራዊና ለዐይን የሚያምር ነው። ወደ ሌሎች አህጉራት እንዲሻገር ያደረገውም ይኸው ውበቱ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰዎች ለኩሬና ለአትክልት ቦታ ጌጥ ሲሉ ከሀገር ወደ ሀገር አጓጓዙት። በሱዳን በነጭ ዓባይ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በሀገራችን ደግሞ በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ሲሆን፣ በጋምቤላ ወንዞችም ተስፋፍቷል። በጣና ሐይቅ ላይ መከሠቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011፣ ይኸውም በ2004 ዓ.ም. መባቻ ነው።

ይህ አረም ሥሩን በመሬት ላይ አይተክልም፤ በውኃ ላይ ተንሳፎ ሥሩን ወደ ታች አንጠልጥሎ ምግቡን ከውኃው ይመጥጣል። የሚራባውም በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከእናቲቱ ተክል ጎን ቀጭን ሐረግ እያወጣ በጫፏ ላይ ልጅ ተክል በማብቀል ነው። ሁለተኛው በዘር ነው፤ ዘሩ ከውኃው ወለል በታች በደለል ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ከሐይቁ ላይ አንድም ተክል ባይታይ እንኳ ከጭቃው በታች ለልጆቻችን ዘመን የሚበቃ ዘር ተኝቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ጉዳቱን ባጭሩ እናስታውስ። አረሙ የውኃውን ፊት ሲሸፍን የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች አይወርድም፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ኦክስጅን ያጣል፤ ዓሣውም ይሸሻል ወይም ይሞታል። የደንገል ታንኳ መቅዘፍ ያቅታል፤ መረብም ይጠላለፋል። ከብት ውኃ መጠጫ ያጣል። በተኛው ውኃ ውስጥ የወባ ትንኝና የብልሃርዝያ ቀንድ አውጣ መጠለያ ያገኛሉ። በቅጠሉ በኩል የሚተነው ውኃም ከገላጣ ሐይቅ ከሚተነው ይበልጣል፤ አረሙ የሚያድርበትን ሐይቅ ራሱን ይጠጣዋል።

የአየር ንብረት ምን ያደርግለታል?

አንደኛው ሙቀት ነው። እንቦጭ እጅግ የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል፤ ውርጭ ደግሞ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ቀላል ስሌት እንሥራ። ምቹ ሁኔታ ያገኘ እንቦጭ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። አሥር ተክሎች በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ ቢሆኑ ከ12 ሳምንት በኋላ 640 ይሆናሉ። በየሳምንቱ እጥፍ ቢሆኑ ግን በዚያው 12 ሳምንት 40,960 ይሆናሉ። በሜዳ ላይ ቦታና ምግብ ስለሚያጥር ነገሩ እንደ ስሌቱ ባይሄድም፣ በሙቀት ምክንያት የምትገኝ ጥቂት ፍጥነት ምን ያህል ልዩነት እንደምታመጣ ግን ያስረዳናል።

ደጋማዋ ሀገራችን በዚህ ረገድ የተፈጥሮ ቅጥር ነበራት። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በከተማችን በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ነገር ግን የዓለም አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሯል፤ በሀገራችንም የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከቀኑ ሙቀት ይልቅ ፈጥኖ መጨመሩን የሚቲዎሮሎጂ መዛግብት ያሳያሉ። ለእኛ የሌሊት ብርድ መቀነስ ምቾት መስሎ ይታየን ይሆናል፤ ለአረሙ ግን አንድ ዘበኛ ከቅጥሩ በር እንደ መነሣት ነው።

ሁለተኛው ዝናምና ድርቅ ነው። ዝናም ራሱ አረሙን አይመግበውም፤ የሚመግበው ጎርፉ የሚያመጣው ነገር ነው። ከተራቆተ ተራራ የታጠበ አፈር፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የፈሰሰ ፍሳሽ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዘው ወደ ሐይቅ ይገባሉ። እንቦጭም እነዚህን ይበላል። ድርቅም በተራው ያገለግለዋል፤ ሐይቁ ሲሸሽ በጭቃ ውስጥ የተቀበረው ዘር ብርሃንና ሙቀት አግኝቶ ይበቅላል። ድርቅ ዘሩን ይቀሰቅሳል፤ የሚከተለው ጎርፍም የበቀለውን አንሥቶ ያንሳፍፋል። የአየር ንብረት ለውጥ ዝናሙን በአንድ ጊዜ የሚያወርድ፣ ድርቁንም የሚያጠነክር በሆነ ቁጥር ይህ ዑደት ለአረሙ ይመቸዋል።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። ሥር ያልተከለ ተክል እንደ መርከብ ነው፤ ነፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል። ማዕበል በሚበዛበት በሐይቁ መሐል ተቆራርጦ ይደክማል፤ ጸጥ ባለ ዳርቻና በወንዝ አፍ ግን ተከማችቶ ይደላደላል። ስለዚህ አንዱ አጥቢያ ያጸዳው ዳርቻ ከሌላው አጥቢያ በመጣ አረም በአንድ ሌሊት ሊሸፈን ይችላል። ጎረቤት አጥቢያዎች በአንድ ሳምንት ካልሠሩ አንዱ የሌላውን ይረከባል።

አራተኛው በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እንቦጭ ቅጠሉ ከውኃ በላይ ስለሆነ ይህን ጋዝ የሚወስደው ከአየር ነው። መጠኑ በአየር ውስጥ ሲጨምር፣ ውኃውም ለም ከሆነ፣ የአረሙ እድገት ይጨምራል። «ውኃውም ለም ከሆነ» የሚለውን ቃል አስተውሉት፤ የትምህርታችን ቁልፍ እርሱ ነውና። ሙቀትም ጋዝም በር ይከፍታሉ፤ በተከፈተው በር ገብቶ የሚበላው ማዕድ ግን ከእኛ ጓሮ የሚሄድ ነው።

አራቱ ወቅቶች በጣና

ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። እንቦጭም ሳይማር ይህን አከፋፈል ያከብራል፤ በእያንዳንዱ ወቅት ጠባዩ ይለያያልና። የሥራ መርሐ ግብራችንም በዚሁ ልክ ቢዘጋጅ መልካም ነው።

ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከጎንደር ተራሮች ደለል ተሸክመው ወደ ጣና ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ይገባሉ። አረሙ ይበልጥ የተደላደለው በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል መሆኑ እንዲሁ የሆነ አይደለም፤ ማዕዱ የሚቀርበው በዚያ በኩል ነው። ሐይቁ ይሞላል፤ በዳርቻ የበቀለው ሁሉ ይንሳፈፋል። በዚህ ወቅት በውኃ ውስጥ መንቀል አደገኛም ፍሬ ቢስም ነው። የክረምት ሥራ ላይ ነው፤ በተራራው፣ በእርከኑ፣ በችግኙ። የደብራችንን ደን መጠበቅና የአጥቢያውን ተዳፋት ማልማት ከጣና እጅግ ርቆ የሚሠራ የእንቦጭ ሥራ ነው።

ዘመነ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ደመናው ተገፎ ፀሐይ ይወጣል፤ ውኃው ሞልቷል፤ ምግቡም ገብቷል። አረሙ በሐይቁ ላይ እጅግ የሚሰፋው በጥቅምትና በኅዳር ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተጀመረው ሀገር አቀፍ ዘመቻም በዚሁ ወቅት የተደረገ ነው። በመጸው መንቀል አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፣ አበባው ዘር ከመቋጠሩ በፊት ፈጥኖ መጀመር። ሁለተኛ፣ የተነቀለውን የክረምቱ ውኃ ከሚደርስበት ከፍታ አሳልፎ ማስቀመጥ። የውኃው ከፍታ እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በዳርቻው ያረጁ አባቶችንና እናቶችን መጠየቅ ይበቃል።

ዘመነ በጋ፣ ወይም ሐጋይ፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው። መግቢያው ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የአረሙም እድገት ይዘገያል። ሐይቁ መሸሽ ይጀምራል፤ ብዙው አረም በደረቅ መሬት ላይ ተጥሎ ይጠወልጋል። ሰው ሁሉ «ጠፋ» ብሎ የሚዘናጋው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ግን የተነቀለውን ለማድረቅ እጅግ ይመቻል። ከእርጥብ እንቦጭ ክብደት 95 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ 100 ኪሎ ተሸክሞ መሄድ 5 ኪሎ ደረቅ ነገር ለማጓጓዝ መድከም ነው። ስለዚህ ከውኃው አፋፍ አርቆ በበጋው ፀሐይ ማድረቅ፣ ከዚያም ማጓጓዝ የወጣቶችን ጉልበት ይቆጥባል።

ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ሙቀቱ ከፍ ይላል፤ ሐይቁም ወደ ዝቅተኛ መጠኑ ይወርዳል። በእርጥቡ ጭቃ ላይ ዘሩ ይበቅላል። በዚህ ጊዜ የሚታየው እንቦጭ ትንሽ ነው፤ እንደ ጎመን ችግኝ በሁለት ጣት ይነቀላል። አንድ ሕፃን በግንቦት የሚነቅለውን በኅዳር አሥር ጎልማሶች ላይነቅሉት ይችላሉ። እኛ በተሳሳትንበት አጥቢያ የቀረብን ይህ ነበር። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችንን ልደት ስናከብር ምእመናን ከደጅ ወጥተው ንፍሮ ቀቅለው በየዛፉ ሥርና በየምንጩ ዳር ይሰበሰባሉ። የሐይቅ ዳር አጥቢያዎች ከልደታ ማግስት ጀምሮ ዝናሙ እስኪገባ ድረስ ያሉትን ሳምንታት ለዳርቻ አሰሳ ቢመድቧቸው፣ የዓመቱ ታላቅ ሥራ በዓመቱ ትንሽ ጉልበት ይሠራል። ስንነቅል ግን እንለይ፤ ደንገል የሐይቁ ባለቤት ነው፤ ለዓሣ መራቢያ፣ ለታንኳም መሥሪያ ነውና አይነካ።

ሐይቅ የሌለው አጥቢያ

አንባቢያችን በልደታ ክፍለ ከተማ ያለ የሰበካ ጉባኤ አባል ቢሆን፣ «ይህ ሁሉ ለጣና ዳር ሰዎች ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ክፍለ ከተማው ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያች ደብር ቅጽር ላይ የወረደ ዝናም ወዴት እንደሚሄድ በሐሳባችን እንከተለው። ከጣሪያው ወደ አሸንዳ፣ ከአሸንዳ ወደ መንገዱ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ አቃቂ ወንዝ ገባሮች ይወርዳል። ትንሹም ታላቁም አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽ ይዘው በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ። ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽም ወደ ቆቃ ይሄዳል። አባ ሳሙኤል የሀገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ሥፍራ ነው፤ ዛሬ ግን እንቦጭ ከሚያስቸግራቸው ውኆች አንዱ ሆኗል።

አባ ሳሙኤል ለትምህርታችን ታላቅ ምስክር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከጣናም ከቆቃም ይልቅ ይቀዘቅዛል። በአየር ንብረቱ ብቻ ቢሆን አረሙ ባልተደላደለበት ነበር። ታዲያ ለምን በረታ? ማዕዱ ስለ በዛለት ነው። ከመጸዳጃ፣ ከቄራ፣ ከፋብሪካና ከልብስ ማጠቢያ የሚፈሰው ሁሉ ብርዱ የነሣውን ጉልበት መልሶ ይሰጠዋል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባናል። በስብሰባዎቻችን «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚለው ቃል እየበዛ መጥቷል። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለእጃችን ሥራ መሸፈኛ ሊሆን አይገባውም። የዓለሙን ሙቀት የጨመረው በአብዛኛው የእኛ ድኻ ገበሬ አይደለም፤ ወደ አቃቂ የሚወርደውን ፍሳሽ ግን ከኒውዮርክ ወይም ከቤጂንግ ማንም አልላከውም። ከሰማይ በኩል ያለው በር ሰፍቷል፤ ስለዚህም ከእኛ በኩል ያለውን በር የመዝጋት ግዴታችን ቀድሞ ከነበረው ይበልጣል።

ከቪክቶሪያ ሐይቅ የምንማረው

በቪክቶሪያ ሐይቅ የሆነው ይህንኑ ያጸናልናል። እንቦጭ በዚያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ታይቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደቦችን ዘጋ። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ኬንያ ደግሞ በ1997 ከአረሙ ጋር ከአንድ ሀገር የመጡ፣ እርሱን ብቻ የሚበሉ ትናንሽ ጢንዚዛዎችን ለቀቁ። ጢንዚዛዎቹ አረሙን አቆሰሉት። በዚያው ሰሞን በ1997 እና በ1998 በኤልኒኞ ምክንያት የወረደው ከባድ ዝናምና የተነሣው ማዕበል የቆሰለውን አረም ሰባበረው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ሽፋኑ እጅግ ቀነሰ። ሰዎች ተዘናጉ። ነገር ግን በ2006 እና በ2007 ከከባድ ዝናም በኋላ በኬንያ በኩል ባለው ባሕረ ሰላጤ አረሙ ዳግመኛ አንሰራራ፤ ጎርፉ አዲስ ምግብ አምጥቶለት፣ የተኛው ዘርም ነቅቶ ነበርና።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ያው ዝናም በአንድ ጊዜ ጠላቱ፣ በሌላ ጊዜ ወዳጁ ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው አረሙ ቆስሎ ወይም ጸንቶ በሚገኝበት ሁኔታ ነው። ሁለተኛ፣ ጢንዚዛዎቹም የአየር ንብረት ተገዢ ናቸው። በደቡብ አፍሪካ ደጋማ ስፍራዎች ብርዱ ጢንዚዛዎቹን ስለሚያዘገያቸው፣ ውኃውም በፍሳሽ ስለለመለመ፣ በቆላው ያደረጉትን ያህል ማድረግ አልቻሉም። በአንድ ሥፍራ የሠራ መድኃኒት በሌላው ይሠራል ብሎ በጥድፊያ መቀበል አይገባም፤ ማናቸውንም ፍጥረት ወደ አዲስ ውኃ መልቀቅም የባለሙያዎችና የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ ነው።

በአጥቢያ ደረጃ ምን እናድርግ?

በከተማ ያሉ አጥቢያዎች ከቅጽራቸው ይጀምሩ። የቤተ ክርስቲያኑ መጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጎርፍ ቦይ እንዳይፈስስ ይመርመር፤ በጊዜውም ይመጠጥ። በሰንበቴና በንግሥ ቀን የሚተርፈው ምግብና የዕቃ እጣቢ በቦይ አይለቀቅ። የቅጽሩ የጎርፍ ቦይ ከሰኔ በፊት ይጠረግ። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር በሚደረግ ውይይት የወንዝ ዳር ጉዳይ ከአጀንዳው እንዳይወጣ የሰበካ ጉባኤው ያሳስብ። በጥምቀተ ባሕርና በጠበል ሥፍራ ባሉ ኩሬዎች ለውበት ሲባል እንቦጭ ከቶ አይገባ፤ አንድ ተክል በላስቲክ ከረጢት ይዞ የመጣ ሰው ካለ በፍቅር ይመከር፤ ተክሉም ይቃጠል።

የሐይቅና የወንዝ ዳር አጥቢያዎች በወቅቶቹ መሠረት መርሐ ግብር ያውጡ፤ ከጎረቤት አጥቢያዎች ጋርም በአንድ ሳምንት ይሥሩ። ሥሩን ከነሐረጉ መንቀል እንጂ መቆራረጥ አይገባም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ተክል ሊሆን ይችላልና። በአቃቂና በአባ ሳሙኤል አካባቢ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንቦጭ ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚወጡ ከባድ ብረታ ብረቶችን በሰውነቱ ያከማቻል፤ ስለዚህ በዚያ የተነቀለው ለከብት መኖ ወይም ለአትክልት ማዳበሪያ መዋል የለበትም። ወጣቶችም ያለ ቦቲ ጫማና ያለ ጓንት ወደ ውኃው አይግቡ።

ከሁሉ በላይ መዝገብ ይያዝ። የአጥቢያው ጸሐፊ በአንድ ደብተር ላይ አራት ነገር ብቻ ቢጽፍ ይበቃል፤ አረሙ መጀመሪያ የታየበት ቀን፣ ያበበበት ቀን፣ ውኃው የደረሰበት ከፍተኛ ምልክት፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናም የወረደበት ቀን። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ ደብተር ለአጥቢያው ከማናቸውም መምሪያ የበለጠ መካር ይሆናል። የአየር ንብረት እየተለወጠ ሲሄድ በዚህ ጽሑፍ የጠቀስናቸው ወራት ሊቀድሙ ወይም ሊዘገዩ ይችላሉ፤ ደብተሩ ግን የዓመቱን እውነት ይናገራል።

ማጠቃለያ

አንዳንድ አባቶች እንቦጭን መቅሠፍት ነው፣ ጸሎት እንጂ ዘመቻ አያስወግደውም ይላሉ። አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ በተቃራኒው ጉልበት ብቻ ይበቃል ይላሉ። ጸሎቱም ጉልበቱም የተገቡ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ትጋትን ይሻሉ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በተጻፈው የእንክርዳድ ምሳሌ ጠላት የዘራው ሰዎች በተኙበት ሰዓት ነበር። ለእኛ የመተኛታችን ሰዓት አረሙ የማይታይበት ሰዓት ነው፤ ሐይቁ የሸሸበት፣ ዘመቻውም ያበቃበት፣ ሪፖርቱም የተጻፈበት ጊዜ። በዚያ አጥቢያ የወቀሱን እናት ያስተማሩን ይህን ነው። ከዚያ ወዲህ በሦስተኛው ዓመት በግንቦት ወር ስንሄድ የውኃውን ምልክት ያሳዩን እርሳቸው ነበሩ፤ ከኋላቸውም የልጅ ልጆቻቸው ችግኙን እየነቀሉ በቁና ይሰበስቡ ነበር። አረሙ አልጠፋም፤ በዚያ ዳርቻ ግን ታንኳ መውጫ መንገድ ተገኝቷል። ወጣቶቹም መመለስ ጀምረዋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር የሚወጣው ጎርፍና ፍሳሽ በየትኛው ቦይ፣ ወደ የትኛው ወንዝ ይሄዳል? ተከትሎት ያየ የኮሚቴ አባል አለ?
2. ባለፉት አሥር ዓመታት በአጥቢያችን የዝናሙ መግቢያና መውጫ፣ የሌሊቱም ብርድ እንዴት ተለወጠ? አረጋውያኑ ምን ይላሉ?
3. የዘመቻ ወራችንን የምንመርጠው ለእኛ የሚመቸንን አይተን ነው ወይስ አረሙ የሚደክምበትን?
4. ከጎረቤት አጥቢያ ጋር በአንድ ሳምንት ለመሥራት ማን ማንን ያነጋግር?
5. የወቅት መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? ከመቼ ጀምሮ?

የዘመናት ባለቤት እግዚአብሔር ዝናሙን በወቅቱ፣ ውኃውን በንጽሕና ይጠብቅልን፤ ለእኛም በጊዜው የምንሠራበትን ማስተዋል ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።